«የዘር ከረጢት» ወይስ ባሲዲየም?

ጥያቄ፦ በሰበታ ዳርቻ ወጣቶችን እንጉዳይ ማምረት የሚያሠለጥኑ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «ለሠልጣኞች በማዘጋጀው ጽሑፍ ባሲዲየምን ‹የዘር ከረጢት› ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ባልደረባዬ ግን አልተስማሙም። ትክክሉ የቱ ነው?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፤ «ዘር»ም ሆነ «ከረጢት» እዚህ ቦታ ላይ አይገቡም።

ከረጢት የያዘውን በሆዱ የሚይዝ ነገር ነው። ባሲዲየም፣ ማለትም እንጉዳይ የሚራባባቸውን ደቃቅ ሕዋሳት (ስፖሮችን) የሚያፈራው ሕዋስ፣ ግን ስፖሮቹን የሚሸከመው በውጭ፣ በራሱ ላይ ነው። ከእንጉዳዩ ጥላ (ጃንጥላ መሰል ራሱ) ሥር እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተደረደሩት ስስ ገጾች ላይ ቆመጥ የሚመስሉ ደቃቅ ሕዋሳት ተሰልፈው ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ከሁለት ወላጆች የመጡ ሁለት ኒውክለሶች (የሕዋስ አስኳሎች) ይዋሐዱና ወዲያው ሚዮሲስ የሚባለው ክፍፍል ተካሂዶ የክሮሞዞም (የውርስ ባሕርይ ተሸካሚ) ቁጥራቸው በግማሽ የቀነሰ አራት ኒውክለሶች ይገኛሉ። ከዚያ ከሕዋሱ ራስ ላይ አራት ቀጫጭን ቀንዶች ይበቅላሉ፣ የቀንዶቹ ጫፍ አብጦ ስፖር ይሆናል፣ ኒውክለሶቹም በቀንዶቹ ውስጥ ሾልከው እያንዳንዳቸው ወደየስፖራቸው ይገባሉ። በገበያ የሚታወቀው ነጩ አዝራር መሰል እንጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀንድ ብቻ ስላለው፣ ለአንዱ ስፖር ሁለት ኒውክለስ ይደርሰዋል።

ስፖሮቹን በውስጡ የሚይዘው ሕዋስ ሌላ ነው፤ እርሾን በመሰሉ ፈንገሶች ዘንድ የሚገኘው አስከስ ነው። የዚህ ስም መነሻ የሆነው የግሪክ ቃል በአማርኛው ወንጌል፣ አዲስ የወይን ጠጅ በአሮጌ ዕቃ እንደማይደረግ በሚናገረው ቦታ፣ «አቁማዳ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ እኔም ለአስከስ ከከረጢት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ባሲዲየም በአንጻሩ በግሪክኛ «ትንሽ መቆሚያ» ማለት ነው።

«ዘር» የባሰ ያሳስታል። የእንጉዳይ አምራቾች ዘር የሚሉት በተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ የተራባውን ነጭ ክር ነው። ያ ክር የፈንገሱ አካል እንጂ የሚዮሲስ ውጤት አይደለም፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኒውክለሶችም ገና አልተዋሐዱም። ስለዚህ ሠልጣኝዎ «የዘር ከረጢት» የሚለውን ሲያነብ የሚታየው ዘሩ ታሽጎ የሚመጣበት ፕላስቲክ ነው።

ባሲዲየምን እንዳለ ይተዉት፤ መጀመሪያ ሲጠቅሱት ብቻ «ስፖር ተሸካሚ ሕዋስ» ብለው ይፍቱት። ስፖርም ስፖር ይባል። ሚዮሲስንም «ግማሽ ክፍፍል» አይበሉት፤ ሳይጠናቀቅ የቀረ ክፍፍል ያስመስለዋል። «ክሮሞዞምን በግማሽ የሚቀንስ ክፍፍል» ቢረዝምም እውነቱን ይናገራል።

ለሠልጣኞቹ ደግሞ ቃሉን ከማስነበብዎ በፊት ነገሩን ያሳዩአቸው። ስፖሩ ነጣ ያለ፣ አድጎ የተዘረጋ እንጉዳይ ጥላ ቆርጠው በጥቁር ወረቀት ላይ ደፍተው፣ ብርጭቆ ከድነውበት ያሳድሩት። ጠዋት ሲያነሡት የገጾቹን አሰላለፍ የተከተሉ፣ ከዱቄት የላሙ ነጣ ያሉ መስመሮች በወረቀቱ ላይ ታትመው ያገኛሉ፤ ስፖር የሚባለው ያ ነው።