ያልተነበቡት አራት ስንኞች

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሽኝት ፕሮግራማችን ሰኔ ላይ ነው። አንደኛ ስለወጣሁ «ተመራቂዎችን ወክለሽ ንግግር ታደርጊያለሽ» ተባልኩና አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው በማግስቱ መለሱልኝ። ሁለት ቦታ በቀይ ተሰርዟል። አንዱ «11ኛ ክፍል እያለን ለአምስት ወር የኬሚስትሪ መምህር አልነበረንም» የሚለው ነው። ሌላው «ላብራቶሪያችን በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንኳ አናውቅም» የሚለው። በምትኩ «ምንም ሳይጎድልብን ለዚህ ያበቁን» የሚል በእጃቸው ጽፈውልኛል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «የወረዳ እንግዶች አሉ፣ ቀኑ የደስታ ነው፣ እንኳን እኛ ጋ አሜሪካም ንግግር ቀድሞ ይታያል» አሉኝ። እናቴ «አንብቢና ውረጂ» ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ «እሺ በያቸውና መድረክ ላይ የራስሽን አንብቢ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? ወረዳዬን ባይጽፉት ደስ ይለኛል።

ስሜ ይቆይ፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦

ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ወረዳሽን አልጻፍኩም። ብጽፈውስ ማን ያገኝሻል? ቁልፉ የጠፋ ላብራቶሪ ያለው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይመስለኝም።

ከመምከሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ያንን ቀይ እስክርቢቶ እኔም ይዤዋለሁ።

ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር፤ የሥነ ጽሑፍ ክበቡም ኃላፊ ነበርኩ። 1994 ዓ.ም. ላይ ለዓመቱ መዝጊያ ግጥም የሚያነብ አንድ ልጅ መረጥን። ከኩታበር በኩል የመጣ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ በስንቅ የሚማር ልጅ ነው። ሃያ ስንኝ ጻፈ። ከመካከላቸው አራቱ ስለ ግቢያችን ቧንቧ ነበሩ። ቧንቧው ከደረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሴቶቹ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ጄሪካን ይዘው ሰፈር ለሰፈር ውሃ ይለምናሉ። ርዕሰ መምህሩ አነበቡና «ይሄ በእንግዳ ፊት?» አሉ። እኔም አልተከራከርኩም። አራቱን ስንኝ ሰርዤ ለልጁ ሰጠሁት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልተናገረም።

በቀኑ እጅጌው የረዘመበትን የወንድሙን ኮት ለብሶ ወጣ። ጥሩ አድርጎ እያነበበ አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቆመ። የረሳ መስሏቸው ሊያበረታቱት ያጨበጨቡ ነበሩ። እኔ ግን ጣቱን አየሁት። ወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ እየወረደ ነው። አንድ መስመር። ሁለት። ሦስት። አራት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ሰው ሁሉ «እዚያ ጋ ምን ነበር?» ይል ጀመር። ማታ ሻይ ቤት ስገባ አራቱን ስንኝ አንድ የማላውቀው ሰው በቃሉ ሲላቸው ሰማሁ። የቀሩትን አሥራ ስድስት ማንም አላስታወሰም። ይህን ታሪክ በድል ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ቧንቧው ግን በዚያ ክረምትም አልተሠራም።

አሁን ወደ አንቺ። ምክትሉ ስለ አሜሪካ ያሉት ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ነው። እዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረንጆቹ 1969 የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ስላሰሩ ተማሪዎች ሲፈርድ፣ ተማሪ የመናገር መብቱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ አይገባም አለ። በ1988 ደግሞ ትምህርት ቤት በራሱ ስም የሚያወጣውን የተማሪዎች ጋዜጣ ማረም ይችላል ብሎ ፈረደ። ግን ከትምህርት ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ይኑረው አለ። «እንግዳ ይመጣል» የዚያ ዓይነት ምክንያት መሆኑን እንጃ።

እኛም አገር ሕግ አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። ገደብም አስቀምጧል፤ የወጣቶችን ደህንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ ሲባል። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። የኬሚስትሪ መምህር ጉዳይ አንቺን ካልተመለከተ ማንን ሊመለከት ነው?

ይህን ሁሉ ጽፌልሽ አንቀጽ ይዘሽ ቢሮ ግቢ ማለቴ ግን አይደለም። አንቀጽ ሲጠቀስ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሰርዛል።

በፍጹም የማይዋጥልኝ ስረዛው አይደለም፤ ጭማሪው ነው። ሲሰርዙብሽ ዝም አልሽ ማለት ነው። «ምንም ሳይጎድልብን» ብለው ሲጨምሩልሽ ግን አምስት ወር ያለ መምህር የተቀመጠው ክፍልሽ ፊት ቆመሽ ልትዋሺ ነው። ልጆቹ ይስቁብሻል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ ነው። እሱ ላይ የሚጨክኑ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የራስሽን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንያቸው። የድሮ አራሚ ስለሆንኩ እጄን ይበላኛል። «የኬሚስትሪ መምህር አልነበረንም» ስትይ፣ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ብቻ ባለበት ግቢ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። የሄደው ሰውዬ ምናልባት ተዛውሮ ይሆናል፤ ተተኪ ያልመደበው ሌላ ነው። «11ኛ ክፍል ላይ አምስት ወር ኬሚስትሪን ከመጽሐፍ ለብቻችን አነበብን» በይው። ያው እውነት ነው፤ ማንንም ግን በጣት አይጠቁምም። የቁልፉን ግን አትንኪው። እኔ ብሆን ሙሉውን ንግግር ጥዬ እሱን ብቻ አስቀር ነበር።

የመናገር መብት ማለት ግን ማይክ ያገኘ ሁሉ ያሻውን ይበል ማለትም አይደለም። የሰው ስም ጠርቶ መዝለፍ፣ በብሔር በሃይማኖት መነካካት፣ የአምስት ደቂቃውን ሃያ ደቂቃ ማድረግ፣ እነዚህን ትምህርት ቤቱ ቢያስቆም ከጎኑ ነኝ። አንቺ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሽም።

«የወረዳ እንግዶች» የሚባሉት ደግሞ ይህን የማያውቁ አይምሰሉሽ። የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የተናገሩት የትምህርት ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው፣ ያውም አገር እየሰማ። ሰማይ አልተደፋም።

ጓደኞችሽ ስላሉት። በፈረንጆቹ 2021 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ተማሪ ልክ እንደዚያ አድርጋለች፤ ያስጸደቀችውን ወረቀት ትታ ስለ ውርጃ ሕግ የጻፈችውን አነበበች። ነውር ነው አልልም። አንቺ ግን ትራንስክሪፕትሽም ክሊራንስሽም ያለው እኚሁ ሰውዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሺ ብሎ ሌላ ማንበብ ደግሞ ክርክሩን ያዞረዋል፤ ወሬው ስለ ላብራቶሪው መሆኑ ይቀርና ስለ አንቺ ማታለል ይሆናል። «በቅኔ ሸፍነሽ በይው» የሚልሽም አይጠፋም። አትልፊ። ምክትሉም ወሎዬ ናቸው፤ ወርቁን ካንቺ ቀድመው ያገኙታል።

ስለዚህ ብቻሽን አትሂጂ። የአማርኛ መምህርሽንና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ አንድ የሚያከብሩትን ሰው ይዘሽ ግቢ። የታረመውን ወረቀት አስቀምጪላቸውና «ጋሼ፣ የትኛው ነው ውሸቱ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ዝም በይ፤ እሳቸው ይናገሩ። «ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» አትበይ። ደብዳቤ ከተጻፈ መዝገብ ቤት ይገባል፤ መዝገብ ቤት የገባ ነገር እስከ መስከረም አይወጣም። እምቢ ካሉሽ «እንግዲያው ሌላ ሰው ያንብብ» ብለሽ መውረድም መልስ ነው። ወይም እንደዚያ ልጅ። እሱን ግን እኔ አልመከርኩሽም።

እናትሽን አትቀየሚ። ችግርን ለእንግዳ አለመንገር ከቤት የተማርነው ነው። በ1965 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ከላይ ያሉት ዝም አሉ፤ ዓለም የሰማው በ1966 ጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። ደግሞ እኮ እኛው ነን ዱዓ ላይ ተቀምጠን «ዝናቡ ዘገየ፣ ከብቱ አለቀ፣ ልጁ ታመመ» ብለን አንድ በአንድ ዘርዝረን፣ ከዚያ ሽማግሌው መርቆን አሚን የምንለው። «ቀኑ የደስታ ነው፣ ይሄ ይቅር» ያለ ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም። ያም ምርቃት፣ ይሄም ምርቃት።

ጥያቄ፦

ባለፈው ዓመት ከአንድ ኮሌጅ ተመረቅሁ። መጽሔታችን ላይ ከፎቶዬ ሥር የጻፍኩትን ላስት ወርድ ኮሚቴው አውጥቶ «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚል አስገባልኝ። የእኔ «ካፌው ውስጥ የበላሁት ሽሮ ይፋረደኝ» የሚል ነበር። መክሰስ እችላለሁ?

ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ለሽሮ ብለህ ጠበቃ አታቁም። ንዴትህ ግን ገብቶኛል። ማውጣታቸው አንድ ነገር ነው፤ አንተ ያላልከውን በፎቶህ ሥር ማስገባታቸው ግን ሌላ። መጽሔቱ ቤትህ ካለ እስክርቢቶ አንሳና «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለውን ሰርዘህ ሽሮህን መልሰህ ጻፍበት። ቀይ ቢሆን ይመረጣል።