ልጄን ጃርዲያ የሚያመላልስበት ውሻችን ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የአምስት ዓመት ልጄ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ጃርዲያ ተገኝቶበት የሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ወስዷል። ለጥቂት ሳምንታት ይሻለውና ሆዱ መነፋት ይጀምራል፤ ግሳቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሰገራው ቅባት የነካው ይመስላል። በግቢያችን አንድ ውሻ፣ ሁለት ላሞችና አንድ ጥጃ አሉ። ጎረቤቶቼ «ከውሻው ነው፣ አስወግጂው» ይሉኛል። ልጁ ደግሞ ከውሻው ተለይቶ አይውልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሻውን አያስወግዱ። የጎረቤቶችዎ ጥርጣሬ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጃርዲያ፣ በዓይን የማይታየው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ፣ ውሻንም፣ ድመትንም፣ ከብትንም ይይዛል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም የሰውን ከእንስሳው መለየት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1979 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት ጋር መድቦት ነበር።

ነገሩን ያጠራው የዘረ መል ምርመራ ነው። ተመራማሪዎች ጃርዲያን ከኤ እስከ ኤች በሚደርሱ ስምንት ቡድኖች ከፍለውታል። ሰውን በዋናነት የሚይዙት ኤ እና ቢ ናቸው። ውሻ ላይ በብዛት የሚገኙት ሲ እና ዲ፣ ድመት ላይ ኤፍ፣ በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ ደግሞ ኢ ነው። ኤ እና ቢ አልፎ አልፎ በውሻና በጥጃ ላይ ይገኛሉ፤ የከብቱ ኢም በአንዳንድ አገሮች ሰው ላይ ታይቷል። ስለዚህ ከእንስሳ ፈጽሞ አይተላለፍም አልልዎትም። ልጅዎ ጥጃዋን ነካክቶ ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሰገራቸው ከውሃና ከጓሮ አትክልት ይራቅ። ዋናው ምንጭ ግን ሰው ነው፤ ከሰው ሰገራ ወጥቶ በውሃ፣ በእጅና በምግብ ተመልሶ ወደ አፍ ይገባል።

ከሰገራ ጋር የሚወጣው በሽፋን የተጠቀለለ ጃርዲያ፣ ሲስት የሚባለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ለመያዝ አሥር ያህሉ ይበቃል። እጁን በውሃ ብቻ ያለቀለቀ ሰው ለልጁ ጉርሻ ሲሰጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያስቡት። ተሸካሚው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አያመውም።

ሊማ፣ ፔሩ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሟል። ጃርዲያ የነበረባቸው ሕፃናት በቲኒዳዞል ታክመው ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ 98 በመቶዎቹ እንደገና ተያዙ። የሚኖሩበት አካባቢ እንደነበረ ነውና መድኃኒት ብቻውን አልጠበቃቸውም። የእርስዎም ልጅ አራተኛ ጠርሙስ ሽሮፕ ከመጀመሩ በፊት የሚጠጣው ውሃና የሚያጎርሱት እጆች ይታዩ።

ውሃውን ያፍሉት። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ ቶሎ፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በክሎሪን ብቻ አይተማመኑ፤ በተለመደው መጠን ሲስቱን አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ አይገድለውም። ሰላጣና ሌላ በጥሬው የሚበላ ቅጠል ለጊዜው ይቅርበት። የልጁም የእርስዎም ጥፍር አጭር ይሁን።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ልጅዎን ይዘው ይሂዱና ከዚህ በፊት የወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጃርዲያ በየቀኑ ስለማይወጣ በተለያዩ ቀናት የተወሰደ ሦስት ናሙና ቢመረመር ይሻላል። በእርግጥ ካለበት ሐኪሙ በክብደቱ ልክ መድኃኒቱን ሊቀይርለት ይችላል። ሆዱን የሚያመው ሌላ የቤተሰብ አባል፣ የቤት ሠራተኛዋም ብትሆን፣ አብሮ ይመርመር። ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ ገዝተው ግን አይስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ እናቶችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ጃርዲያ የአንጀትን ግድግዳ ስለሚጎዳ፣ ከጠፋ በኋላም ልጁ ለሳምንታት ወተት ላይስማማው ይችላል። ላሞች ባሉበት ቤት ወተት በየቀኑ ይጠጣልና መነፋቱና ተቅማጡ ከወተት በኋላ የሚብስ መሆኑን ይከታተሉ። እንዲያ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ወተቱን ቀንሰው በእርጎ ይተኩለት። ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም ትኩሳት ከያዘው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።