ሳህን አቀያይረህ መዝን

ሰሞኑን አንድ ወጣት ወርቅ ሠሪ ጥያቄ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ያገለገለ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ገዛሁ። ባዶውን ሳቆመው እኩል ነው። ሥራ ልጀምርበት?» ይላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም በእሱ ዕድሜ ባዶው እኩል ከቆመ በቂ ይመስለኝ ነበር።

ጅማ ሱቅ ስከፍት ሚዛኔን የገዛሁት ሙያውን ከተወ ሰው ነው። ሳህኖቹ የሚንጠለጠሉበት አግዳሚ አንዱ ጫፍ ተሰብሮ ተበይዷል። አይቼዋለሁ። ማስተካከያ ዳዶዋን አዙሬ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም ግን ደስ አለኝ፣ ሥራ ጀመርኩ። ወርቁን ሁሌም በግራ፣ የሚዛን ድንጋዩን በቀኝ አደርጋለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ከአጋሮ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ታሞ አምባራቸውን ሊሸጡ ነው። መዘንኩት። 39.2 ግራም። «አዴ፣ ቀረብ ብለው ይዩት» አልኳቸው። «አንተ ካየኸው ይበቃኛል ልጄ» አሉኝ። ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግራኝ የሆነ ልጅ ለሙያ ልምምድ ተቀጠረ። አንድ ቀን ወርቁን በቀኝ ሳህን አድርጎ 20.4 ግራም አለኝ። እኔ በግራ መዝኜው 19.6 ነበር። መጀመሪያ ልጁን ተቆጣሁት። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ራሴ እየቀያየርኩ መዘንኩ፣ ልጁ ልክ ነበር። ሲበየድ የግራው ክንድ በጥቂቱ አጥሯል። ዳዶው የሚያስተካክለው ባዶውን ብቻ ነው። ዕቃ ሲጫንበት አጭሩ ክንድ ክብደቱን አሳንሶ ያሳያል። የወርቁ እውነተኛ ክብደት የሁለቱ አማካይ፣ 20 ግራም ያህል ነው። የአዴም አምባር 40 ነበር ማለት ነው። አንተም ሥራ ሳትጀምር ወርቁንና ድንጋዩን ሳህን አቀያይረህ መዝን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነቃሁት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የምሸጠውንም በዚያው በግራ ሳህን ስለምመዝን ነው። ስገዛ ያተረፍኩትን ስሸጥ እሰጠዋለሁ። መዝገቤ አንድም ቀን አልጎደለም። የጎደለው እሳቸው ጋ ነው።

አጋሮ ሁለት ጊዜ ወርጄ ጠየቅኩ። ስማቸውን አልጻፍኩም ነበር፤ ክብደቱን ብቻ።

አባቴ ብር የሚመዝነው በማርትሬዛ ጠገራ ነበር። ያልተነካ ጠገራ 28 ግራም ያህል ነው። የእሱ ግን ከእጅ እጅ ሲዞር ኖሮ የንስሩ ላባ የማይለይ ሆኗል። ስለዚህ ድንጋዮችህንም አትመን። የተበላ ካለ ከታመነ ክብደት ጋር አስተያየው። በጣትህም አትንካቸው፤ ላብ ናሱን ይበላዋል።

ውሃ ልክ ስለመጠቀም አልነግርህም፤ ያን የማያውቅ ወርቅ ሠሪ የለም። አግዳሚው የሚያርፍበትን ስለት ግን ዘይት አትቀባው። ብዙ ሰው ይቀባል፣ አቧራ ይሰበስባል። የጅማ ክረምት እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ዝገት ካለበት በአጉሊ መነጽር እየው። ከዚያ አንዱን ቀለበት አምስት ጊዜ እያነሳህ መዝን። በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ከሰጠህ ስለቱ ደንዝዟል ወይ ንፋስ እየነካው ነው። በሩን ዘግተህ ድገመው። ካልተስተካከለ መልሰህ ስጠው።

ክንዱ እኩል ያልሆነ ሚዛንም ግን እውነት ይናገራል። ወርቁን በግራ አድርግ። በቀኝ በኩል ጤፍ እየጨመርክ እኩል አድርገው። ከዚያ ጤፉን ሳትነካ ወርቁን አንሳና በቦታው ድንጋይ ተካ። እኩል ሲመጣ ያ ድንጋይ የወርቁ ክብደት ነው። ሁለቱም በአንድ ክንድ ስለተመዘኑ የክንዱ ርዝመት ለውጥ አያመጣም። ጊዜ ይወስዳል፤ ደንበኛህ ይጠብቅ።

የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ የወጣ ቁጥር አትጠራጠሩም፣ ይሄ ያሳስበኛል። ዲጂታል ሚዛን አልወድም። እውነቱን ለመናገር ግን ልጄ የገዛልኝን እጠቀምበታለሁ፤ ፈጣን ነው። በየጠዋቱ ግን በ100 ግራም መፈተሻ ሳላየው ሥራ አልጀምርም።

ያ የድሮ መዝገብ አሁንም አለ። ከ39.2 አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ 40 ብዬ ጽፌያለሁ። የስማቸው ቦታ ባዶ ነው። ከአጋሮ ይህን የሚያነብ ካለ፣ አምባር ሸጠው ልጃቸውን ያሳከሙ እናት የሚያውቅ ከሆነ፣ ሱቁ አሁንም እዚያው ነው።