ለ«ትግሉ» ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በኦገስት 2009 ሲወጣ አገሪቱን ይመራ የነበረው ኢሕአዴግ ነው፤ በግንባሩ ውስጥ ደግሞ ጉልበቱ የሕወሓት ነበር። በሜይ 2021 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን ራሱን «አሸባሪ» ብሎ ሰየመው። በማርች 2023፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቂት ወራት በኋላ፣ ስሙን ሰረዘው። ግንቦት 7 በጁን 2011 ተሰየመ፣ በጁላይ 2018 ተሰረዘ፣ በ2021 መሪው ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፍኳቸው የምትሞሉት የኢሚግሬሽን ፎርም የሚጠይቃችሁ በዚያው ስለሆነ ነው። የአዋጅ ቁጥሮች ብቻ በእኛው ናቸው።)

ስም ከዝርዝር ይገባል፣ ይወጣል። የላካችሁበት የባንክ ደረሰኝ፣ ፌስቡክ ላይ የጻፋችሁት፣ የጥገኝነት ኬዛችሁ ላይ የፈረማችሁበት ቃል ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ማን ተሰየመ ማን ተሰረዘ እያሉ መከታተል ብቻውን አያድንም።

አሜሪካ ያላችሁ ይህን እወቁ። የኢሚግሬሽን ሕጉ ሽብርተኛ የሚላቸውን ድርጅቶች በሦስት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በይፋ የሚያወጣው ዝርዝር ነው፤ አልሸባብ ከ2008 ጀምሮ አለበት። ሁለተኛውም የታወቀ ዝርዝር ነው። የእኛን ሰው የሚያጠምደው ሦስተኛው ሲሆን እሱ ዝርዝር የሚባል ነገር የለውም። ተደራጁም አልተደራጁም ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው መሣሪያ ያነሱ ሰዎች እዚያ ሊመደቡ ይችላሉ፤ ውሳኔውም ፋይላችሁ ሲመረመር፣ በእናንተው ጉዳይ ላይ የሚሰጥ ነው። የተወጉት መንግሥት ደግ ነበር ወይስ ጨካኝ ብሎ ሕጉ አይጠይቅም። ደርግን የወጋውም፣ ኢሕአዴግን የወጋውም፣ ዛሬ ብልጽግናን የሚወጋውም በአንድ ወንፊት ያልፋል። የኢሕአፓና የኦነግ ደጋፊ የነበሩ ሰዎች የግሪን ካርድ ማመልከቻ ለዓመታት «ሆልድ» ላይ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ድጋፍ ሲባልም በገንዘብ አይወሰንም። ቤት ማሳደር፣ መልእክት ማድረስ፣ ስንቅ ማቀበል ሁሉ ይቆጠራል። በ2018 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፣ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ሽምቅ ተዋጊዎች አፍነው ወስደዋት ምግብ እንድታበስልና ልብስ እንድታጥብ ያስገደዷትን ሴት ድጋፍ ሰጥታለች ብሎ ወስኗል፤ የድጋፉ መጠን ዝቅተኛ ወለል የለውም አለ። ተገድጄ ነው ለሚል ሰው፣ ወይም ድጋፉ እዚህ ግባ የማይባል ለሆነ ሰው (ይህኛው ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮ)፣ ምሕረት የሚደረግበት መንገድ አለ። ሆኖም የሚሞላ ፎርም የለውም፣ የኢሚግሬሽን ዳኛም ሊሰጠው አይችልም። የሚሰጠው አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት በራሱ ውሳኔ ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት በጽሑፍ ቃላችሁ ላይ መጠኑን፣ ጊዜውን፣ ለማን እንደሰጣችሁና ምን እንዳስገደዳችሁ ሳታጋንኑም ሳታሳንሱም ማስፈር ነው። «በ2012 በአንድ ስብሰባ ሳጥን ሲዞር 20 ዶላር ጨመርኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር «ድርጅቱን እረዳ ነበር» ከሚለው እጅግ ይሻላል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ግን እዚሁ፣ ኬዝ ሲጻፍ ነው። ኬዝ የሚጽፉ ሰዎች ታሪክ ማድመቅ ይወዳሉ። በሕጋዊ ተቃዋሚ ፓርቲ፣ በአንድነት ወይም በሰማያዊ፣ ተራ አባል የነበረውን ልጅ «የታጠቀው ክንፍ የገንዘብ ሰብሳቢ» አድርገው ያቀርቡታል፤ ስደቱ የበለጠ የሚታመን ይመስላቸዋል። ያ አንድ መስመር ጥገኝነቱን ሊያስከለክል ይችላል። ጥገኝነቱ ቢፈቀድ እንኳ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ሲጠየቅ እንደገና ይነሣል፤ ፎርሞቹ የሚጠይቁት «መቼም ቢሆን አባል ነበሩ? ረድተዋል?» ብለው ነውና። ያኔ «ውሸት ነበር» ማለት ሌላ ጣጣ ነው፤ በሐሰት የተገኘ ዜግነት ይነጠቃል። በቀይ ሽብር ጊዜ በፈጸመው ግፍ የተከሰሰው ቀልቤሳ ነገዎ የአሜሪካ ዜግነቱን የተነጠቀው በ2004 ነው፣ ዜጋ ከሆነ ከዓመታት በኋላ። ኬዛችሁን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ አስነብቡና ስሙት፤ ከዚያ በኋላ ፈርሙ።

ይህ ሁሉ የኢሚግሬሽኑ ነው። የወንጀሉ ሕግ ደግሞ ለብቻው ነው። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ላለ ድርጅት እያወቁ ድጋፍ መስጠት እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እንደወሰነው በሰላማዊ መንገድ አለመግባባት ስለመፍታት ማሠልጠን እንኳ ከዚያ አያመልጥም። «የእኛ ድርጅት እዚያ ዝርዝር ላይ የለም» ብሎ መዝናናትም አይገባም፤ ሌላ አሮጌ ሕግ አለ። ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ፣ አሜሪካ ሰላም በሆነችው አገር ላይ የጦር ዘመቻ ማሰናዳት ወይም ለዚያ ገንዘብ ማቅረብ ወንጀል ነው። በዲሴምበር 2014 ባንጁል ያለውን ቤተ መንግሥት ለመያዝ ሞክረው ያልተሳካላቸው ጋምቢያውያን አሜሪካ ሲመለሱ የተከሰሱት በዚህ ነው። የተነሡበት ያህያ ጃሜህ አምባገነን መሆኑን ዓለም ያውቅ ነበር፤ ከክስ አላዳናቸውም። በሻንጣ የሚላከውም ዕቃ የራሱ ሕግ አለው፦ የሌሊት ማያ መነጽር «ለወንድሞች» ብሎ መጠቅለል ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሰው የሚወድቅበትን ቦታ ልንገራችሁ። ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው ባንክ ስታስገቡ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያ ተራ ነገር ነው፣ ወንጀል አይደለም። ሪፖርቱን ለማምለጥ ብላችሁ 9,500፣ 9,500 አድርጋችሁ ከፋፍላችሁ ስታስገቡ ግን፣ ብሩ የላባችሁ ፍሬ ቢሆንም፣ መከፋፈሉ ራሱ ወንጀል ነው። በሻንጣ ይዞ መውጣትም ክልክል አይደለም፣ ከ10,000 በላይ ከሆነ ማሳወቅ ግዴታ ነው እንጂ። «በእኔ ሂሳብ አስገባልኝ፣ አዲስ አበባ በብር ይሰጥልሃል» የሚለው ንግድ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ሀዋላ ነው፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ለተፈናቀሉ ወገኖች ስታሰባስቡ በግለሰብ ሂሳብና በዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ሂሳብ በስልክ በሚላክበት መንገድ) አትሰብስቡ፤ አንድ ሰው ላይ በሳምንት ሃምሳ ስድሳ ዝውውር ሲገባበት ባንኩ ምክንያት ሳይነግር ሂሳቡን ሊዘጋ ይችላል፣ የተሰበሰበውም እዚያው ታግቶ ይቆያል። ከግብር ነፃ ሆኖ በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ይሁን፤ የወጣው ብር ለየትኛው ጣቢያ፣ ለስንት ኩንታል ዱቄት፣ በማን እጅ እንደደረሰ ደረሰኝ ይቀመጥ። በማስታወሻ ቦታው ላይ «ለጥይት»፣ «ለትግሉ» እያላችሁ አትቀልዱ። የባንኩ ማሽን ቀልድ አያውቅም።

የሰብዓዊ ዕርዳታ፣ የፓርቲ ፖለቲካና የትጥቅ ትግል ገንዘብ በአንድ ኮሚቴ፣ በአንድ ሂሳብ፣ በአንድ ዋትስአፕ ግሩፕ አይዋል። ኋላ ለይቶ ማስረዳት ከባድ ነው። ደግሞም አገር ቤት ያለ ፓርቲ ወይም መንግሥት ጠይቋችሁ፣ በእሱ መመሪያ የኮንግረስ ሰው የምታግባቡ ከሆነ በ1938 በወጣው ሕግ መሠረት በተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ። በራሳችሁ ሐሳብ ለእንደራሴያችሁ መጻፍ ግን መብታችሁ ነው፣ ማንም አይመዘግባችሁም።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ሕግ። አዋጅ 652 ዴሞክራሲን የበላው በአንድ ጉርሻ አይደለም። ሽብርተኝነትን «ማበረታታት» የሚል አንቀጽ ነበረው፤ ምን ማበረታታት እንደሆነ አልጠበበም። ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ28 ቀን የማያንስ፣ ተደምሮ እስከ 4 ወር የሚደርስ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ጋዜጠኛ፣ ጦማሪና የፓርቲ ሰው አንድ በአንድ ገባ፦ ርዕዮት ዓለሙና ውብሸት ታዬ በጁን 2011፣ እስክንድር ነጋ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ታሰሩ፤ እስክንድር 18 ዓመት ተፈረደበት። በኤፕሪል 2014 የዞን 9 ጦማሪዎች ሲታሰሩ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር በክሱ ገባ። በ2020 እሱን የተካው አዋጅ 1176/2012 በወረቀት ይሻላል፣ ሰላማዊ ሰልፍንና የሥራ ማቆምን ከሽብር ለይቶ አውጥቷል። ነገር ግን አንዱ በር ሲጠብብ ሌላው ይከፈታል፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። በኖቬምበር 2021ም በኦገስት 2023ም የታወጁት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅደዋል። ለጉዞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «አሁን በሥራ ላይ ያለ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ ወይ? የምሄድበትን ክልል ይሸፍናል ወይ?» የሚል ይሁን። ከሌለ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ቤተሰብና ጠበቃ ይህን ቁጥር ይያዝ።

የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ በእሱው ግቡ፣ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ጨምራችሁ። ሌላ ዜግነት ወስዳችሁ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መግባት ሁለት ጉዳት አለው፦ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል ሕገ ወጥ ነው፣ ኤምባሲያችሁም እጁ ያጥራል። ብትያዙ «ኤምባሲዬ ይነገርልኝ» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ይህ የቪየናው የቆንስላ ስምምነት መብት ነው። ግን አትመኩበት። አንዳርጋቸው ጽጌ የብሪታንያ ዜጋ ነበሩ፤ በጁን 2014 ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ የብሪታንያው አምባሳደር ያገኛቸው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ የተፈቱት በሜይ 2018።

ስልክና ኮምፒውተር። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም የቀረበ፣ ኮምፒውተሩ በ2012 እና 2013 ለወራት ፊንስፓይ በተባለ ሰላይ ሶፍትዌር መጠለፉን አረጋግጦ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ ልዳኘው አልችልም አለ። ማለትም ከተጠለፋችሁ በኋላ ካሳ የሚከፍላችሁ የለም። መግቢያው የወርድ ፋይል ነበር፤ በ2017 የተጋለጠው ሌላው ዘመቻ ደግሞ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አድሱ» እያለ ያታልል ነበር። የምትጓጉለትን የፖለቲካ ዜና ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ብሔርተኛ ስሜታችሁን ነው ማጥመጃው። ከማታውቁት የመጣ ፋይል አትክፈቱ። የዋትስአፕና የቴሌግራም «የተገናኙ መሣሪያዎች» ዝርዝርን በየወሩ እዩ። አይፎን ከሆነ የመቆለፊያ ሁነታውን (Lockdown Mode) አብሩት። ድንበር ላይ ስልኩን አጥፉት፤ በጣት ወይም በፊት ሳይሆን በቁጥር የሚከፈት ይሁን። እንግሊዝ ያላችሁ ልብ በሉ፦ በ2000ው የሽብር ሕግ መሠረት በወደብና በአውሮፕላን ማረፊያ ያለ አንዳች ጥርጣሬ እስከ 6 ሰዓት ሊያቆሙአችሁ ይችላሉ፣ የስልክ ኮድ መከልከል ራሱ ወንጀል ነው።

ቃላችሁን በተመለከተ፣ ከሩቅ ሆኖ መጻፍ የሚያመጣው ጣጣ ለጻፈው ሳይሆን ለሌላው ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው። በኦክቶበር 2021 አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶአቸው ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፤ ኖቬምበር 3 ቀን ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ሜታን ናይሮቢ ከሶ፣ በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሏል። የሰው ስም፣ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ፣ የቤት በር ፎቶ፣ ታርጋ፣ በተለይ «ጁንታ»፣ «ሸኔ»፣ «ነፍጠኛ» ከሚል ቃል ጋር፣ አታጋሩ፤ ሌላ ሰው የለጠፈውንም። የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185/2012 የሐሰት መረጃውን ያሰራጨው ገጽ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱን ያከብዳል፤ ብዙ የዲያስፖራ ገጽ ከዚያ በላይ ነው።

ዓረብ አገር ላላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ግን ነገሩ አጭር ነው፦ ሰልፍ አትውጡ፣ በግሩፕ ውስጥ መዋጮ አትሰብስቡ። በጁላይ 2024 በኤምሬትስ 57 ባንግላዴሻውያን በገዛ አገራቸው መንግሥት ላይ ሰልፍ ወጥተው 3ቱ ዕድሜ ልክ፣ 53ቱ 10 ዓመት፣ አንዱ 11 ዓመት ተፈረደባቸው። በሴፕቴምበር ይቅርታ ተደርጎላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኢትዮጵያውያን ብትሆኑ ያ ይቅርታ ይመጣል ብላችሁ አትወራረዱ። በእድር ስም የተከፈተ ግሩፕ ውስጥ የፖለቲካ ቪዲዮ ሲገባ አስተዳዳሪዋ ተጠያቂ ልትሆን ስለምትችል፣ ግሩፑ ላይ መለጠፍ የምትችሉት አስተዳዳሪዎች ብቻ እንድትሆኑ አድርጉት፤ ቅንብሩ ውስጥ አንድ ቁልፍ ነው።