«ድራማው የሚያሳየው ያለውን ነው» ለሚል ልጅ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስዎ። የ15 ዓመት ልጄ ከዘፈንና ከተከታታይ ድራማ አይለይም። ስቆጣው «የሚያሳየው በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ነው፤ የመስታወት ጥፋቱ ምንድን ነው?» ይለኛል። ልከልክለው ወይስ ልተወው? እኔም ማታ ማታ አብሬው አያለሁ። ለጸሎት ስቆም ታዲያ የዘፈኑ ዜማ እየመጣ ያስቸግረኛል። ይህስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅሽ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ያንን ሳትቀበዪለት ሌላውን ግማሽ ብትነግሪው አይሰማሽም። ዘፈኑም ድራማውም ከሕዝቡ ቋንቋ፣ ከፍርሃቱና ከምኞቱ ይቀዳሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ሲያስተምር ከአሕዛብ ባለቅኔዎች ቃል ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውም (1ቆሮ. 15፥33) በግሪክ ቲያትር የታወቀ አባባል ነበር። ሕዝቡ የሚሰማውን ሳያውቅ ለሕዝቡ አልሰበከም።

መስታወት የሚለው ግን አያስኬድም። መስታወት አይመርጥም፤ ደራሲና አዘጋጅ ይመርጣሉ። ካሜራው ማንን ተከትሎ ይሂድ፣ የማን እንባ በቅርብ ይታይ፣ የትኛው ትዕይንት ላይ የሚያባባ ሙዚቃ ይግባ፣ ይህ ሁሉ ውሳኔ ነው። ስርቆት በኅብረተሰቡ ውስጥ አለ። ሌባው እንዳይያዝ በልባችን እንድንጸልይለት የሚያደርገን ግን አቀራረቡ ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኮሜዲ ላይ የተቀዳ ሳቅ ሲጨመር የኖረውም ለዚሁ ነው። ተመልካቹ ብቻውን ተቀምጦ የት ቦታ መሳቅ እንዳለበት ይነገረዋል። አንድ ሰው በሚስቱ ላይ ሲዋሽ መቶ ጊዜ ከሳቅን፣ በመቶ አንደኛው ውሸቱ ቀላል ነገር ሆኖ ይታየናል።

ኃጢአት መታየቱ ብቻውን አያስወቅስም። መጽሐፍ ቅዱስም የዳዊትን ዝሙትና የኦርዮንን መገደል ሳይሸፍን ይተርካል (2ሳሙ. 11)። ነገር ግን እዚያ አያቆምም። ናታን ይመጣል፣ ሕፃኑ ይሞታል፣ ሰይፍ ከዳዊት ቤት አይርቅም። ያን ታሪክ ከዳዊት ምኞት ጋር ብቻ አስሂዶ ኦርዮንን ስም የሌለው ወታደር ቢያደርገው ኖሮ ድርጊቱ ሳይለወጥ ትምህርቱ በተገለበጠ ነበር። ስለዚህ ለልጅሽ የምትሰጪው መመዘኛ «ኃጢአት አለበት ወይ?» የሚለው ብቻ አይሁን። «የተጎዳው ሰው ፊቱ ታየ ወይ?» ብለሽም ጠይቂው።

ዜማ ደግሞ ከትረካ የበለጠ ሰርጎ ይገባል። በኤዴሳ ከተማ የነበረው፣ ትምህርቱ እንደ ኑፋቄ የተቆጠረው ባርዴሳን (154–222 እ.ኤ.አ.) ትምህርቱን ያሰራጨው በመዝሙር ነበር፤ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም ሰዎች ያዜሙለት ነበር። በ373 እ.ኤ.አ. ያረፈው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ያንን ሲያይ በማውገዝ ብቻ አልተወሰነም። በቀና ሃይማኖት የታነጹ ድርሰቶችን ለታወቁ ዜማዎች ጻፈ፤ የሴቶች መዘምራንንም አሠልጥኖ በጉባኤ አስዘመረ። ዘፈን ኅብረተሰብን እንደሚቀርጽ ከእርሱ በላይ የገባው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ቤትሽ ስንመጣ፣ እርቃንንና ዝሙትን ለማየት ተብሎ የተሠራውን፣ በቅዱሳት ነገሮች የሚሳለቀውን ያለ ክርክር አስወግጂ። በቀረው ግን ጅምላ ክልከላ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ልጁ ማዳመጫ ሰክቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ያየዋል፤ አንቺም ስለሚያየው ነገር የመነጋገር ዕድሉን ታጪዋለሽ። መጀመሪያ በስልኩ ማስተካከያ ገብታችሁ የሚቀጥለው ክፍል በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ። ማቆም የሰው ውሳኔ እንዲሆን ነው። እነዚህ መድረኮች የሚያቀርቡልን በአመዛኙ የቆየንበትን ነው፤ ዩቲዩብ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከጠቅታ ብዛት ይልቅ ለመመልከቻ ጊዜ ክብደት ሰጥቷል። ተናደሽ ብታዪውም ቆይተሽበታልና ተመሳሳዩን ያመጣልሻል። እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ከማውገዝ ወዲያው መዝጋት ይሻላል።

በሳምንት አንድ ክፍል አብራችሁ እዩ። መሐል ላይ አትስበኪ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲያልቅ ዝጊና «ማን እንዲያሸንፍ ፈለግህ? ለምን?» በዪው። ከዚያ የተጎዳው ማን እንደሆነ፣ እርሱስ ስንት ጊዜ እንደታየ ጠይቂው። መልሱን አታርሚ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ራሱ ማስተዋል ይጀምራል። ቅዱስ ባስልዮስ ታላቁ የአሕዛብን ጽሑፍ ለሚማሩ ወጣቶች የሰጠው ምክር እንደ ንብ ሁኑ የሚል ነበር። ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን ትተዋለች።

በጾም ወራት እርሱ ብቻ ሳይሆን መላው ቤተሰብ ዘፈኑንና ድራማውን ያቁም። ያን ሰዓት ግን ባዶ አትተዪው። ተጠርጎ ባዶ የሆነው ቤት ሰባት የባሱ አጋንንት እንደገቡበት ጌታ ተናግሯል (ማቴ. 12፥43–45)። ንባብ፣ መዝሙር መለማመድ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ከእነዚህ አንዱ አስቀድሞ ተመርጦ በሰዓቱ ይተካ።

በጸሎት ጊዜ ስለሚመጣብሽ ዜማ፣ የበረሃ አባቶች ሐሳብ ሲመጣና ሰው ከሐሳቡ ጋር ሲስማማ ለይተው ያያሉ። ዜማው ሳትጠሪው መምጣቱ ኃጢአት አይደለም፤ ወደሽ አብረሽው መቆየትሽ ግን ወደዚያ ይወስዳል። ዜማ የሚመላለሰው አጭር ሆኖ ደጋግሞ ስለተሰማ ነውና «አላስብህም» እያልሽ አትታገዪው፤ ባሰብሽው ቁጥር ይበረታል። ከጸሎት በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሁሉንም ዝጊ። ከዚያ መዝሙረ ዳዊትን በልብሽ ሳይሆን በድምፅ አንብቢ፤ አፍና ጆሮ በአንድ ቃል ሲያዙ ለሌላው ዜማ ቦታ ይጠበዋል። ከመጣም ካቆምሽበት ቁጥር አንድ ጥቅስ ወደ ኋላ ተመለሺና ቀጥዪ፤ ጸሎቱን ከመጀመሪያው አትጀምሪ፣ አለዚያ ስትደክሚ ትተዪዋለሽ። የዘፈኑ ቃል ምኞት የሚያነሣ ሆኖ ልብሽ እየጣፈጠው ከቆየ ግን ዘፈኑን ጨርሰሽ ተዪ፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው።