«ፋፍሳው ላይ አልፈርምም»፦ በሃይማኖትና በፖለቲካ ሰበብ የኮሌጅ ምርጫ ቤት ሲያምስ

ጥያቄ

የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጃችን 17 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ትጨርሳለች፤ ሐሳቧ ነርስ መሆን ነው። ሦስት ኮሌጆች ተቀብለዋታል። ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ «ሊንችበርግ ካለው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ ሌላ የትም አትሄድም» ብሏል። እሷ ደግሞ ማሳቹሴትስ ያለ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ካልሆነ አልማርም ትላለች። እዚያ ነርሲንግ የለም፤ ባዮሎጂ እማራለሁ ነው የምትለው። ሦስተኛው እዚሁ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ነው፤ የእሱን ስም የሚያነሳ የለም። አባትና ልጅ በምርጫው ሰሞን በትራምፕ ተጣልተው ተኮራርፈው ነበር። አሁን ደግሞ እሱ «ድንኳን ተክለው የሚጮኹት መሃል ልጄን አልጥልም፤ ፋፍሳው ላይ አልፈርምም» አለ፤ ፋፍሳ ያልኩት የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጹን ነው። እሷም ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። ኮሌጅ መርጠን ዲፖዚት (ማስያዣ) የምንከፍልበት ቀን፣ ሜይ 1፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሱን ለሷ፣ የሷን ለሱ ሳመላልስ እኔ መሃል ላይ አለቅሁ። ምን ላድርግ?

መልስ

ውድ እህታችን፣ ከስሜቱ በፊት የወረቀቱን ጉዳይ እናንሳ፤ ሦስት ሳምንት አጭር ነው።

ፋፍሳ ላይ መፈረም ኮሌጁን መፍቀድ አይደለም። ቅጹ የቤተሰቡን ገቢ ያሳያል፤ አንዴ ተሞልቶ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ይላካል። ልጅዎ ሊበርቲ ገብታ የፌዴራል እርዳታ ብትፈልግም የሚጠየቀው ይኸው ቅጽ ነው። እንግዲህ ባለቤትዎ አልፈርምም ሲሉ የሚዘጉት የማሳቹሴትሱን በር ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው የመረጡትንም ጭምር ነው። ይህን በክርክር መልክ ሳይሆን እንደ መረጃ ይንገሯቸው። ብዙ አባቶች ፊርማውን እንደ ምርቃት ስለሚያዩት ነው እጃቸው የሚያዝባቸው።

ታክስ የምታስገቡት በጋራ ከሆነ ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ፊርማ ይበቃል። ለየብቻ ከሆነ ግን ሁለታችሁም የየራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ፣ የታክስ መረጃችሁ ከአይ.አር.ኤስ. (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) እንዲመጣ ተስማምታችሁ መፈረም አለባችሁ። ይህን የምነግርዎ ተደብቀው እንዲፈርሙ አይደለም። ከባለቤትዎ ጀርባ የተፈረመ ወረቀት ሲታወቅ ጠቡ ከኮሌጅ ወጥቶ ወደ ትዳራችሁ ይገባል። «ቅጹን ሐሙስ እሞላዋለሁ፤ የት እንደምትገባ የሚወስን አይደለም፤ እሱን ገና እንነጋገርበታለን» ብለው ፊት ለፊት ይናገሩና ይሙሉት።

ማንም ባይፈርምስ? 24 ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ እንደ ማግባት ወይም ወታደር ቤት መግባት ያለ የተለየ ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ ሕጉ በእናንተ ሥር ነው የሚቆጥራት፤ ከቤት ወጥታ አክስቷ ጋ ብትኖርም ያው ነው። የፌዴራል ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) አታገኝም። ቢበዛ የሚፈቀድላት ገና ትምህርት ቤት ሳለች ወለድ የሚቆጥር ብድር ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 5,500 ዶላር ነው። በዚህ ብር ከሦስቱ ኮሌጆች በአንዱም ዶርም ይዞ መማር አይቻልም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ።

ባለቤትዎ ስለ ኮሌጅ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ልጃቸው መጥፋት ነው። በ2024 ጸደይ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ ወደ ብዙ ካምፓሶች የተዛመተውን የጋዛ ተቃውሞ በቴሌቪዥን አይተዋል። ቴሌቪዥን የሚያሳየው ካሜራው የቆመበትን ሣር ነው፤ በዚያው ሰዓት ላይብረሪ ተቀምጦ ኬሚስትሪ የሚያጠናውን አያሳይም። ቢሆንም ፍርሃታቸውን «አጋነንክ» ብሎ ማጣጣል አይጠቅምም፤ ከሥሩ እውነተኛ ነገር አለ። ወጣቶች ከቤት ሲወጡ ጉባኤ መሄድ ይቀንሳሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ጥፋተኛው ኮሌጁ ነው የሚለው ግን ሲመረመር አይቆምም። በ2007 ዩከር፣ ሬግነረስና ቫለር የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ወጣቶችን ሲያወዳድሩ፣ ኮሌጅ ከገቡት ይልቅ ጭራሽ ያልገቡት ናቸው ይበልጥ ከቤተ እምነት ርቀው የተገኙት። ከ1970 ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ቤተሰቦችን በትውልድ የተከታተለው የቬርን ቤንግትሰን ጥናት ደግሞ አንድ ለባለቤትዎ የሚሆን ነገር አለው፦ እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ ይበልጥ የተሻገረው ልጆቹ ከወላጆቻቸው፣ በተለይም ከአባታቸው፣ ጋር ሞቅ ያለ ቅርበት ባላቸው ቤቶች ነበር። እንግዲህ ልጃቸውን ለማዳን ብለው ከልጃቸው ጋር መኮራረፋቸው ለሚፈሩት ነገር መንገድ መጥረግ ነው። ይህን ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ትችት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ራሱን ያስነብቧቸው።

ልጅዎም ከዚህ አትተርፍም። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ነርሲንግ የሌለበትን ኮሌጅ «ካልሆነ» ስትል፣ የመረጠችው ትምህርቱን አይደለም፤ ከአባቷ ተቃራኒ የሆነውን ባንዲራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃክ ብሬም በ1966 እንደገለጸው ሰው ነጻነቱን ሲነጠቅ የተከለከለው ነገር ከቀድሞው ይልቅ ያምረዋል። አባቷ ባይከለክሏት ኖሮ ማሳቹሴትስን ይህን ያህል ትወደው ነበር? ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «አባትሽ ዛሬ ማታ ‹ሂጂ፣ እከፍላለሁ› ቢልሽ፣ ነገ ጠዋት ያንን ኮሌጅ የምትመርጪው በምንድን ነው?» መልሱን በዚያው ሰዓት አይጠብቁ፤ ሁለት ቀን ይስጧት። ፕሮፌሰር፣ ስኮላርሺፕ፣ የምትወደው ላብራቶሪ ከጠራች ቁም ነገር አለው። «እንደ እኔ የሚያስቡ ሰዎች አሉ» ብቻ ካለች፣ ባዮሎጂ ጨርሳ ነርስ ለመሆን በተፋጠነው ፕሮግራም እንኳ ከ12 እስከ 18 ወር ተጨማሪ ትምህርትና ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠብቃት በወረቀት ላይ አስልታ ትየው።

ሁለቱም የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ፤ ኮሌጅ አንድ ፖለቲካ ያለው ይመስላቸዋል። ያ ማንም የማያነሳው ጆርጅ ሜሰን ወደ 40,000 ተማሪ ያለው፣ ከየአገሩ የመጡ ልጆች የሚማሩበት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ግን ከ2016 ጀምሮ በወግ አጥባቂው ዳኛ በአንቶኒን ስካሊያ ስም ይጠራል፤ የኢኮኖሚክስ ክፍሉም በነጻ ገበያ አስተሳሰብ የታወቀ ነው። ታዲያ ግራ ነው ቀኝ? ነርሲንግ ለምትማር ልጅ የአናቶሚ ክፍሉ ከሁለቱም አይደለም። ይህንን የሚያነቡ ሙስሊም ወላጆችም እንዲያውቁት ያህል፦ በ1789 የተመሠረተው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ጆርጅታውን ከ1999 ጀምሮ የሙሉ ጊዜ ኢማም አለው። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብም ከኮሌጁ ስም ይልቅ የሚጠቅመው ካፍቴሪያው ረቡዕና ዓርብ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚያቀርብ መጠየቅ ነው።

ሊበርቲን በተመለከተ ሐሳቤን ሳልሸፍን ልናገር። በ1971 በሰባኪው በጄሪ ፎልዌል የተመሠረተ፣ በሃይማኖቱም በፖለቲካውም አቋሙን የማይደብቅ ተቋም ነው፤ ወዳ ለምትገባ ልጅ መልካም ቤት ሊሆናት ይችላል። ነገር ግን «ሊበርቲ ዌይ» የሚባል የሥነ ምግባር ደንብ አለው፤ መጠጥን፣ ከጋብቻ ውጭ የሆነ ግንኙነትንና ሌሎችንም ነገሮች ይከለክላል። ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎችም ኮንቮኬሽን የሚባለውን ጉባኤ ይከታተላሉ። ተገዳ የገባች ልጅ ከሁለት አንዱን ነው የምታደርገው፦ ወይ ደንቡን በግልጽ እየጣሰች ቅጣት ትሰበስባለች፣ ወይ ላይ ላዩን እያጎነበሰች ሁለት ኑሮ መኖር ትለምዳለች። ሁለተኛው ለእምነቷ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎን «ሊበርቲ መጥፎ ነው» አይበሏቸው፤ «ደንቡን ቁጭ ብላ አንብባ፣ ልኖርበት እችላለሁ ብላ በገዛ እጇ ካልፈረመች ሊበርቲ አንተ የፈለግኸውን አያደርግላትም» ይበሏቸው። ሳትረሱት ደግሞ፣ በቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ኮሌጅ ለሚገባ የስቴቱ ነዋሪ ቪታግ የሚባል ግራንት አለ፤ ማመልከቻው እስከ ጁላይ 31 ነው፤ ከቨርጂኒያ ውጭ ላለ ኮሌጅ አይሠራም።

እርስዎስ? መላላኩን ዛሬ ያቁሙ። መልእክት የሚያመላልስ ሰው እስካለ ድረስ ሁለቱ መነጋገር አያስፈልጋቸውም፤ ቁጣቸውንም ሁለቱም እርስዎ ላይ ያራግፋሉ። «አባዬን እንዲህ በይልኝ» ስትልዎ «እኔ አልነግረውም፤ ቅዳሜ ራስሽ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» ይበሏት።

ከቅዳሜ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ብቻዎን አንድ ምሽት ይቀመጡ። «ከአራት ዓመት በኋላ ምን ሆና ብታያት ነው የምትፈራው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። «እምነቷን ጥላ» ሊሉ ይችላሉ፤ «አግብታ እንኳ ሳትነግረን»፣ «የእኛን ቋንቋ እየናቀች» ሊሉም ይችላሉ። መልስ አይስጡ፤ የሰሙትን በራሳቸው ቃል ደግመው ይንገሯቸው። ፍርሃቱ በስሙ ካልተጠራ ሁሌም ኮሌጅ መስሎ ነው የሚመጣው።

የቅዳሜው ንግግር ከ45 ደቂቃ አይለፍ። እሑድ ከአምልኮ መልስ አታድርጉት፤ ያን ቀን ባለመሄዷ ሁለቱም ቆስለው ነው የሚውሉት። ሽማግሌና ፓስተርም አትጥሩ። ለባልና ሚስት ጠብ ሽምግልና ይሠራል፤ ለ17 ዓመት ልጅ ግን አምስት ትልልቅ ሰው ሳሎን ሲደረደርባት ችሎት ነው የሚሆንባት። አንድ ሰው ካስፈለገ እሷ የምትመርጣት አክስት ትሁን። በመጀመሪያ እሷ አሥር ደቂቃ ትናገር፤ አባቷ አያቋርጧት። ቀጥለው እሳቸው አሥር ደቂቃ። ትራምፕም ዴሞክራቶችም ከጠረጴዛው ላይ ይነሱ፤ አንዱ ካነሳው ሌላው እጁን ከፍ አድርጎ ያስቁም።

ከዚያ ሦስቱንም ኮሌጆች በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ከየኮሌጁ የመጣውን የእርዳታ ደብዳቤ አውጡና ግራንትና ስኮላርሺፑን ብቻ ቀንሱ፤ ብድርን እንደ እርዳታ አትቁጠሩ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚቀረውን በአራት አባዙ። ሊበርቲና ሜሰን ነርሲንግ ስላላቸው ተመራቂዎቻቸው ኤንክሌክስን (የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን) በስንት በመቶ እንደሚያልፉ የቨርጂኒያ ነርሲንግ ቦርድ ከሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ እዩ፤ በቀጥታ ነርሲንግ ውስጥ ተቀብለዋት እንደሆነ ወይስ በኋላ እንደገና ማመልከት እንዳለባትም በኢሜይል ትጠይቅ። ከየካምፓሱ በመኪና 20 ደቂቃ ውስጥ አማርኛ ጉባኤ ያለው ቤተ ክርስቲያን መኖሩንም ጻፉ። የመጨረሻውን ባለቤትዎ ራሳቸው ደውለው ያጣሩ፤ ፍርሃታቸው የሚሠሩት ሥራ ሲያገኝ ይረግባል።

ገንዘብን በተመለከተ ባለቤትዎ «ከዚህ በላይ አልችልም» የማለት ሙሉ መብት አላቸው፤ ቁጥሩን ግን ይጥሩት። «በዓመት ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ የትም ግቢ» ማለት ድንበር ማበጀት ነው። «እምነትሽን ከጠበቅሽ እከፍላለሁ» ማለት ግን በክፍያ የሚለካ እምነት እንድታሳያቸው ማስተማር ነው። ቤተ ክርስቲያን መቅረቷንም እስከ ሜይ 1 ድረስ አታንሱባት።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይታወቅ፦ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ውጤቷን የማየት መብቱ የእሷ ነው፤ በ1974 የወጣው ፌርፓ የተባለው ሕግ ይህን ይላል። የሚከፍል አባት ትራንስክሪፕት ማየት ቢፈልግ ሲሚስተሩ ሲያልቅ ራሷ እንደምታሳይ አሁኑኑ ተስማሙ። 18 ሲሞላትም ሆስፒታል ብትገባ ሐኪሞች እንዲያነጋግሯችሁ የሚፈቅደውን የውክልና ወረቀት ትፈርም።

ጠቡ «ከቤቴ ውጪ» እስከ ማለት ከደረሰ፣ ወይም ልጅዎ መብላትና መተኛት ካቆመች፣ ሞትን ካነሳች፣ ኮሌጁ ይቆይና 988 ይደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

እስከ ኤፕሪል 25 ካልተስማማችሁ ለሦስቱም የአድሚሽን ቢሮዎች «የቤተሰብ የገንዘብ ጉዳይ ስላላለቀ የዲፖዚቱን ቀን ሁለት ሳምንት አራዝሙልኝ» ብላ ራሷ ትጻፍ፤ ጥያቄው የተለመደ ነው፤ መልሱ በጽሑፍ ይምጣላት። እምቢ ካሉና ሜይ 1 ከደረሰ፣ ሁለቱም ባይወዱትም ነርሲንግ ያለውንና የኢን-ስቴት (የስቴቱ ነዋሪ) ክፍያ የሚያስከፍለውን ሜሰንን በዲፖዚት ያዙት። ያም ካልሆነ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አለ፤ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ ነርሲንግ ያስተምራል፤ በ2018 በተጀመረው አድቫንስ በተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከኖቫ ወደ ሜሰን መሸጋገር ይቻላል። ወደ ኖቫ የምትሄድ ከሆነ አድቫንስ ውስጥ መመዝገብ የሚሻለው ገና ከጅምሩ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሲሚስተር ኮርሶች ከመምረጧ በፊት የፕሮግራሙን አማካሪ ታነጋግር።