ጥያቄና መልስ፦ ገደብ ባለው መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ሰው ቢሞት ማን ይጠየቃል?

ዛሬ ማታ በዚህ አንድ ጉዳይ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። የማወራው ስለ ካሊፎርኒያ ሕግ ነው። በሌላ ስቴት ያላችሁ እዚያው ያለ ጠበቃ ጠይቁ፣ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። አደጋ ከደረሰ ከስፍራው እንዳትሄዱ። ጠበቃ ሳታማክሩ ስለ አደጋው አመጣጥ ለማንም ቃል እንዳትሰጡ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እነዚህን ያዙልኝ።

የሳን ሆዜዋ እናት፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድ አወጣ። ገደቡ ምን ምን ነው? ቢጥሰውስ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ለመጀመሪያዎቹ 12 ወራት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻውን መንዳት አይችልም። ዕድሜው ከ20 በታች የሆነ ሰውም መጫን አይችልም። ወላጅ፣ ወይም 25 ዓመት የሞላው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አብሮት ከተቀመጠ ግን ይፈቀዳል። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና እና ለቤተሰብ አስቸኳይ ጉዳይ የተለየ ፈቃድ አለ፣ የተፈረመ ወረቀት መያዝ አለበት። ከአስቸኳይ ጥሪ በቀር እየነዳ ስልክ መጠቀም እስከ 18 ዓመቱ ክልክል ነው። በእጁ ባይዘውም ክልክል ነው።

በሕጉ የተጻፈው ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 35 ዶላር ነው፣ ወይም ከ8 እስከ 16 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ነገሩን ይንቁታል። ሰው የሞተ ዕለት ግን አቃቤ ሕጉም የሟች ቤተሰብ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሱት ያንኑ ጥሰት ነው።

ዘላለም፦ እንግዲህ ገደቡን ከጣሰ በቀጥታ ጥፋተኛ ነው ማለት ነው።

መልስ፦ አይደለም። ጥሰቱና ሞቱ መገናኘት አለባቸው። ልጁ እኩለ ሌሊት ላይ በአረንጓዴ መብራት ሲያልፍ የሰከረ ሹፌር ቀይ ጥሶ ቢገባበት፣ ሰዓት ማሳለፉ ብቻውን ገዳይ አያደርገውም። አራት ጓደኞቹን ጭኖ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ዞር ብሎ እያወራ እግረኛ ቢገጭስ? ሕጉ ተሳፋሪ የከለከለው ልክ ይህ እንዳይሆን ነው። ያኔ ማገናኘቱ ቀላል ነው።

ሀና ከኦክላንድ፦ የእኔ መንጃ ፈቃድ ላይ «የፌዴራል ገደብ አለው» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔም እዚህ ውስጥ ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም። እሱ ከ2015 ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸውም የሚሰጠው ፈቃድ ላይ የሚታይ ጽሑፍ ነው። ካርዱ ለፌዴራል ጉዳይ መታወቂያ አይሆንም ማለት ነው። የመንዳት መብትሽ እንደማንኛውም ሰው ነው።

ቢኒ፦ ሰው ቢሞት ስንት ዓመት ያስፈርዳል?

መልስ፦ ማን ነዳ? ስንት ዓመቱ ነው? ጠጥቷል? ከስፍራው ሸሽቷል? ይህ ሳይነገረኝ ምን ልበልህ ወንድሜ?

ለአዋቂ እንዲህ ነው። በተራ ቸልተኝነት ከሆነ እስከ 1 ዓመት የካውንቲ እስር ነው። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ 2፣ 4 ወይም 6 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ከባድ ቸልተኝነትና መጠጥ ከተደመሩ 4፣ 6 ወይም 10 ዓመት ነው። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ጉዳዩ የሚጀምረው በወጣቶች ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜው 16 ከሞላና ክሱ ከባድ ወንጀል ከሆነ፣ አቃቤ ሕግ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ይዛወርልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

የሳን ሆዜዋ እናት፦ ወላጅስ? ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) ፈርሚ ብለውኝ ፈርሜያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ወላጅ ያን ፊርማ ተራ ፎርማሊቲ ይመስለዋል። ፊርማው ኃላፊነት ነው። የፈረመ ወላጅ ልጁ 18 እስኪሞላው ድረስ፣ በመንዳት ለሚያደርሰው ጉዳት ከልጁ ጋር እኩል ይጠየቃል። መኪናው የአንቺ ባይሆንም፣ በዚያ ቀን እንዲነዳ ባትፈቅጂለትም ትጠየቂያለሽ። ለዚህ ኃላፊነት ሕጉ ጣሪያ አበጅቶለታል፣ ከዚያ በላይ አያስከፍልም።

አሁን ጣሪያ ወደሌለው ልምጣ። መንዳት እንደማይገባው እያወቅሽ፣ ወይም ማወቅ ሲገባሽ ቁልፉን ከሰጠሽው፣ የምትጠየቂው በራስሽ ጥፋት ነው። ከዚህ በፊት ተጋጭቶ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ትኬት ከመጣበት፣ እየነዳ ቴክስት ሲያደርግ አይተሽ ዝም ካልሽ፣ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። «እነ ናቲን አድርሰሃቸው ና» የሚል የአንቺ ቴክስት ስልኩ ውስጥ ይገኛል። ጠበቃው በትልቁ አሳትሞ ዳኞቹ ፊት ያቆመዋል። ገደቡን እንደምታውቂ፣ አውቀሽም እንደላክሽው ያሳያል።

ልጁ አልሰማ ካለሽ መውጫ አለ። ለዲኤምቪ አመልክተሽ ፈቃዱን ማሰረዝ ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው የፊርማሽ ኃላፊነት ይነሳል። ያኮርፋል፣ ያልፍለታል።

ሰሎሞን፦ እኔ ኢንሹራንሱ እንዳይወደድብኝ ልጁን ከፖሊሲው አስወጥቼዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ቁልፉን የሚያገኝ ከሆነ ትልቅ ችግር ነው! በስም የተገለለ ሹፌር ነድቶ ሰው ቢገድል ኢንሹራንሱ አይከፍልም። በወር ጥቂት ዶላር አተርፋለሁ ብለህ ቤትህን አታስይዝ። ነገ ጠዋት ደውልና አስገባው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው 30,000፣ ለአንድ አደጋ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ሆኗል። ሰው ለሞተበት አደጋ ይህም የትም አያደርስም፣ ከፍ አድርገው።

ስሜ ይቆይ፦ ወንድሜ በዲዩአይ (ጠጥቶ በመንዳት) ተይዞ ነበር። አሁን ገደብ ያለው ፈቃድ ሰጥተውታል፣ መኪናው ላይ የትንፋሽ መለኪያ አለ። አንዳንዴ የጓደኛውን መኪና ይነዳል።

መልስ፦ ይህን ለወንድምህ አንብብለት። ያን ፈቃድ የሚይዝ ሰው የሚነዳው መለኪያው ያለበትን መኪና ነው። የጓደኛው መኪና መለኪያ ከሌለው፣ ሳይጠጣም ቢነዳ ጥፋት ነው።

ከባዱ ግን ሌላ ነው። በዲዩአይ ሲፈረድበት አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፣ ምናልባትም ፈርሞበታል። «ጠጥቶ መንዳት ለሰው ሕይወት እጅግ አደገኛ ነው፣ ደግመህ ጠጥተህ ነድተህ ሰው ቢሞት በግድያ ልትከሰስ ትችላለህ» ይላል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 በወሰነው የዋትሰን ጉዳይ፣ አደጋውን እያወቀ ጠጥቶ የነዳ ሰው በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ሊከሰስ እንደሚችል ተቀብሏል። ቅጣቱ ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ያቺ ወረቀት «አላወቅሁም» የሚለውን መከላከያ ትወስድበታለች። ጓደኛውም ሁኔታውን እያወቀ ቁልፍ ከሰጠው አብሮ ይጠየቃል።

ቢኒ፦ ሰው ሞቶ ግን ባይጠጣ ስንት ዓመት ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ እባክህ አንብበው።

እማማ ጽጌ፦ ልጄ፣ የማውቃቸው ሰዎች ላይ የደረሰ ነው። ገጪውም ሟችም ሐበሻ ናቸው። ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ቢጠይቁ፣ ካሣ ቢከፍሉ ክሱ አይቀርም?

መልስ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናናቸው። የወንጀል ክሱ የአቃቤ ሕግ ነው። የሟች ቤተሰብ ይቅር ቢል እንኳ አቃቤ ሕጉ ሊቀጥል ይችላል። ቤተሰቡ በፍርድ ቤት የመሰማት መብት አለው፣ ይቅር ማለታቸውን ዳኛው ሊሰማ ይችላል። ውሳኔው ግን የእነሱ አይደለም። «እንከፍላለን፣ እናንተ አትመስክሩ» የሚል ሽምግልና ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ሽማግሌዎቹም ይከሰሱበታል።

አቤል ከሎስ አንጀለስ፦ የእኔ ጠበቃ ለቅሶ እንዳትሄድ ነው ያለው። አፍህን ዝጋ ነው ያለኝ።

እማማ ጽጌ፦ ሰው ገድሎ ለቅሶ አለመድረስ! ይህ ከእስር ይብሳል ልጄ።

ዘላለም፦ እማማ እዚህ አሜሪካ ነው። ያለቀሰ ሁሉ አመነ ይባላል።

ሀና ከኦክላንድ፦ ሐዘንም በጠበቃ ሆነ እንግዲህ? ያቺ እናት በሩን እያየች ነው እኮ።

መልስ፦ ተረጋጉ፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። በዚህ ስቴት የማስረጃ ሕግ፣ ለተጎጂ ወይም ለቤተሰቡ የሚገለጽ የሐዘን ቃል በካሣ ክስ ላይ የጥፋተኝነት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው» ማለት ይቻላል። «ጥፋቱ የልጄ ነው፣ ስልክ ላይ ነበር» የሚለው ግን ይቀርባል። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰማ ሁሉ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ይችላል። እኔ ለቅሶ መድረስን እደግፋለሁ። መጀመሪያ ጠበቃውን አማክሩ። ገጪው ልጅ ይቆይ፣ ወላጆቹ ከአንድ አስተዋይ ሰው ጋር ይሂዱ። ይቀመጡ፣ ያልቅሱ፣ ስለ አደጋው አንድ ቃል አይናገሩ። የቀብር ወጪ መርዳትም ይቻላል፣ ርዳታው ብቻውን ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። አቤል፣ ጠበቃህ የፈራው አፍህን ነው፣ እግርህን አይደለም። መልሰህ ጠይቀው።

ዘላለም፦ አገር ቤት ቢሆን ግን በዕርቅ ያልቅ ነበር።

ዳዊት፦ ማን አለህ? የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሹፌርን በስም ጠርቶ ነው የሚቀጣው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ሁለት ሰው ከሞተ፣ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

መልስ፦ ዳዊት ልክ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ቁልፍ ስለምናወራ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፣ የነዳው ሰው ፈቃድ ባይኖረውም ይጠየቃል። ማምለጫው መኪናው መሰረቁን ማስረዳት ነው። ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ።

ሰሎሞን፦ የሟች ቤተሰብ እስከ መቼ መክሰስ ይችላል?

መልስ፦ በአብዛኛው ከሞቱ ቀን ጀምሮ 2 ዓመት። የመንግሥት መኪና ወይም መንገድ ካለበት ጊዜው በጣም ያጥራል፣ ቶሎ ጠበቃ ያዙ።

ቅድስት፦ አሁን ሆስፒታል ነኝ። የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። በመኪና ሰው ገጭቶ ሰውዬው ሞተ አሉን። ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ላናግረው ይላል።

መልስ፦ ቅድስት፣ አይዞሽ። ስሙን፣ አድራሻውን፣ መንጃ ፈቃዱንና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ይስጥ፣ ይህ ግዴታው ነው። ስለ አደጋው ሲጠየቅ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ይበልና ዝም ይበል። ፖሊስ ከያዘው፣ ዕድሜው 17 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከመጠየቁ በፊት በአካል ወይም በስልክ ጠበቃ ማማከር አለበት። ይህን መብት ልጁም አንቺም መተው አትችሉም። የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ቢደውል አታናግሩ፣ የራሳችሁን ኢንሹራንስ አሳውቁ። ለዲኤምቪ የአደጋ ሪፖርት በ10 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ስልኩ ላይ ምንም ነገር አታጥፉ፣ አንድ መልእክት እንኳ። አሁኑኑ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የሌሎቻችሁን ጥያቄ በኋላ እመለስበታለሁ።